የጌጥ ቸርኬና የብርድ ወራት መንገድ

ክረምት የሚለው ቃል በሀገር ቤት ሳለን የሚያሳስበን የሰኔን ደመና፣ የሐምሌን ጭቃና የነሐሴን ጉም ነበር። ገበሬው በእርሻው የሚደክምበት፣ ተማሪው ወደ ወላጆቹ የሚመለስበት፣ ወንዙ ሞልቶ መንገደኛውን የሚያቆምበት፣ በመጨረሻውም የመስቀል አበባ ሲፈነዳ የሚሰናበት ወቅት ነው። ዛሬ ቤታችንን ባቆምንበት በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ግን ያው ቃል ሌላ ነገርን ይጠራል። እዚህ ብርዱ የሚገባው በሀገራችን እሸቱ በሚያምርበት በጥቅምት ነው፤ በታኅሣሥና በጥርም ሐይቁ ሁሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ዓሣ አጥማጆች ከነመኪናቸው በላዩ ይቆማሉ።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ጥቂት ያሳስተናል። በዘወትር ንግግራችን ከነጐድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጠር፣ በመጽሐፍ አመዳይ የተባለውን እንደ ጥጥ ብን ብሎ የሚወርደውን፣ በአስፋልት ላይም እንደ መስተዋት የሚጋገረውን፣ ሁሉን በአንድ ስም በረዶ እንላቸዋለን። ለመኪና ነጂ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። አመዳዩ ይታያል፤ ሰውም አይቶ ይጠነቀቃል። ቀን በፀሐይ ቀልጦ ሌሊት በውርጭ የሚጠነክረው ስስ ንጣፍ ግን ከአስፋልቱ ጥቁረት ተለይቶ አይታወቅም፤ የዚህ ሀገር ሰዎች ጥቁር በረዶ ብለው የሚጠሩትም ስለዚህ ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጋራዥ ወሬ ይመስላል፤ ይኸውም ለጌጥ የተገዛ የመኪና ቸርኬ በብርድ ወራት ወልቆ በተራ ቸርኬ መተካት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሚል ነው። ዳሩ ግን በዚህ ሀገር የሚኖር ቤተ ሰብ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሐኪምና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በመኪና ስለ ሆነ፣ የልደትና የጥምቀት በዓላችንም የሚውሉት ብርዱ እጅግ በሚበረታበት ወር ስለ ሆነ፣ ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የቤትም ጉዳይ ነው። በቤታችንም ወላጅና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ የተከራከሩበት ሆኖ አልፏል።

የበኵር ልጃችን 22 ዓመቱ ነው። ቀን ይማራል፤ ማታ በዕቃ ማከማቻ ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ለአሮጌዪቱ ቶዮታ ካምሪ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዛላት። ከፋብሪካው ጋር የመጡት ቸርኬዎች 16 ኢንች ነበሩ፤ እነርሱን ሸጦ ለአዲሶቹ መግዣ ጨመራቸው። አዲሶቹ 19 ኢንች ሲሆኑ ጨረሮቻቸው ቀጫጭን፣ ጠርዛቸውም እንደ ታጠበ ብር የሚያበራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በባልዲ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ሲያጥባቸው ላየው ሰው፣ ፈረሱን የሚያስጌጥ የጥንት ወጣት ይመስል ነበር። በእውነቱ በዚህ አልተከፋንም። ወጣት በገዛ ላቡ ያገኘውን ነገር ሲወድድና ሲጠብቅ ማየት ለወላጅ ደስታ ነው።

ጥቅምት በገባ ጊዜ ግን፣ «ልጄ፣ እነዚህን አውልቀህ በተራ ቸርኬ ላይ የብርድ ጎማ ግጠም» አልነው። እርሱም፣ «አባዬ፣ ስድስት ወር ሠርቼ የገዛሁትን ስድስት ወር ልደብቀው ነው እንዴ?» አለ። ጥያቄው የንቀት አልነበረም፤ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ለሒሳብ ጥያቄም «አባትህ ብዬሃለሁ» ብሎ መመለስ አይበቃም፤ ምክንያቱን ከነቍጥሩ ማቅረብ ይገባል። ስለዚህ ያቀረብንለትን ምክንያት ለአንባብያንም እነሆ እንላለን።

መኪና የቱንም ያህል ብትከብድ ምድርን የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ቦታ ስፋት ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። የሞተሩ ኃይል፣ የፍሬኑ ጕልበት፣ የመሪው ትእዛዝ ሁሉ ወደ መንገዱ የሚደርሰው በእነዚያ አራት መዳፎች ነው። መዳፉን የሚሠራው ጎማው እንጂ ቸርኬው አይደለም። እንግዲህ የክርክሩ መነሻ መሆን የሚገባው፣ የትኛው ቸርኬ ያምራል? ሳይሆን፣ በብርድ ቀን መንገዱን የሚይዝልን የትኛው ጎማ ነው? የሚለው ነው።

እናቶች ይህን ነገር ከቅቤ ዕቃቸው ያውቁታል። ቅቤ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በብርድ ጊዜ ግን ማንኪያን እንኳ እንቢ ይላል። የጎማ ላስቲክም እንዲሁ ነው። ለሙቀት ወራት የተሠራ ጎማ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል፤ ብርዱ እየበረታ በሄደ ቍጥርም ከአስፋልቱ ጋር መጣበቁን ትቶ እንደ እንጨት ይንሸራተታል። በጽኑ ብርድ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ያሉትን ጎማዎች በዚያ ጊዜ እንዳንነዳባቸው ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። የብርድ ጎማ ግን በዚያም ብርድ ለስላሳ ሆኖ እንዲቈይ ተቀምሞ የተሠራ ነው፤ በጥርሶቹም ላይ አመዳዩን የሚነክሱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ተቀርጸውበታል። ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም፤ በፊንላንድ ሀገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1934 ለጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና የተሠራ የብርድ ጎማ ለገበያ ቀርቦ ነበር።

ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ ያለውን ምልክት መመልከት አለበት። ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት ጭቃና አመዳይ ማለት ሲሆኑ፣ የሚያመለክቱት የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ የተፈተነ ኃይልን አይመሰክሩም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በመካከሉም የአመዳይ ኮከብ የተሣለበት ምልክት ግን እንደ ፈረንጆች በ1999 የተጀመረ ሲሆን፣ ጎማው በተደመደመ አመዳይ ላይ ተፈትኖ የተወሰነውን ልክ ያለፈ መሆኑን ይናገራል። ይህም ቢሆን የመስተዋቱን በረዶ ሁሉ ያሸንፋል ማለት አይደለም። እንዲሁም በአራቱም እግሯ የምትጐተት መኪና ለመነሣት ትረዳለች እንጂ ለመቆም አትረዳም። ፍሬን ሲያዝ ሥራው የጎማው ነውና።

ይህን የሰማው ልጃችን፣ «እንግዲያው የብርድ ጎማውን በእነዚሁ በ19 ኢንቾቹ ላይ ላስገጥመው» አለ። ይህ መልካም ጥያቄ ነበር፤ የቸርኬው ጉዳይ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። በጌጡ ቸርኬ ላይ ያለው ጎማ ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጎኑ ከፍታ 94 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባው የዚህች መኪና ጎማ ግን ስፋቱ 205፣ የጎኑ ከፍታ 133 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱም ጠቅላላ ቁመት ከሞላ ጐደል እኩል ስለ ሆነ የፍጥነት መቍጠሪያው አይዛባም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጠበብ ያለው ጎማ ክብደቱን በትንሽ ቦታ ሰብስቦ አመዳዩን ቈርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰፊው ግን በላዩ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል። ከፍ ያለው ጎን ደግሞ በመንገዱ ጕድጓድና በቸርኬው መካከል እንደ ትራስ ሆኖ ይገባል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በአስፋልቱ ስንጥቅ የገባው ውሃ ሲረጋና ሲቀልጥ ከርሞ መንገዱን በየቦታው ይቦረቡረዋል፤ በዚያን ጊዜ 94 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው ጎማ ምቱን ሁሉ ለቸርኬው ያስተላልፋል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አሉሚኒየም በኃይለኛ ምት ሊሰነጠቅ ይችላል። ተራው የብረት ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጣመማል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ጥቂት የተጣመመውንም ጎሚስታው ሊያቃናው ይችላል።

ሁለተኛው ጨው ነው። አሞሌ በገንዘብ ፈንታ ይዘዋወርበት ከነበረ ሀገር የመጣን ሰዎች፣ ጨው በትልልቅ መኪና ተጭኖ በመንገድ ላይ እንደ ዘር ሲበተን ስናይ መገረማችን አልቀረም። ጨው ውሃ የሚረጋበትን መጠን ዝቅ ስለሚያደርገው በረዶውን ያቀልጣል፤ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ግን ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የሚያደርገው በጎ ነገር ለብረት ጠላት ነው። የጌጥ ቸርኬን ውበት የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ስስ ቀለም ነው፤ ከአሸዋ ጋር የሚወረወረው ጠጠር ያን ቀለም በመርፌ ቀዳዳ ያህል ሲፍቀው ጨዋማው ውሃ ከሥሩ ይገባና አሉሚኒየሙን ነጭ ዱቄት እያደረገ ይበላዋል። መበላቱ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከደረሰ ደግሞ አየሩ ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ጎማው ሌሊቱን ሲጐድል ያድራል። የብረት ቸርኬም ይዝጋል፤ እርሱን ግን በብረት ብሩሽ ፍቆ ጥቁር ቀለም መቀባት ይበቃል፤ ማንም አያዝንለትም።

ሦስተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። 300 ዶላር በሀገር ቤት ላለ ዘመድ ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ሰዎች ስለ ሆንን ወጪን በቀላሉ አናይም። በሰፈራችን ጠይቀን ያገኘነው ዋጋ ይህ ነበር፤ አንድ የብረት ቸርኬ 75 ዶላር፣ አራቱ 300 ዶላር፤ አንድ የብርድ ጎማ 110 ዶላር፣ አራቱ 440 ዶላር። ጎማውን የሚገዛው ሰው በየትኛውም መንገድ ይገዛዋል፤ ስለዚህ ክርክሩ በ300ው ላይ ነው። ቸርኬው አንድ ብቻ ከሆነ በየመከሩና በየፀደዩ ጎማውን ከቸርኬው ማስወለቅ፣ ሌላውን ማስገጠምና ባላንስ ማሠራት ያስፈልጋል፤ ጎሚስታው ለአንዱ እግር 25 ዶላር፣ ለአራቱ 100 ዶላር ይጠይቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን 200 ዶላር ነው። ሁለተኛ ቸርኬ ያለው ሰው ግን ከነጎማው የተዘጋጀውን በክሪክ አንሥቶ በራሱ እጅ ይቀይረዋል። እንግዲህ 300 ዶላሩ በዓመት ከመንፈቅ ይመለሳል። አንዱ ጎማ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍም ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ልጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «እስቲ ላስብበት» አለ። የ22 ዓመት ሰው ነውና አላስገደድነውም፤ አመዳይ በወረደ ቀን ግን ታናናሽ እኅቶቹ በእርሱ መኪና እንዳይሄዱ ከለከልን።

ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ሌሊት፣ ሦስት ጣት ያህል አመዳይ ወርዶ አደረ። እኛ ሕፃናቱን ይዘን የብርድ ጎማ በተገጠመላት በሌላዪቱ መኪና ሄድን። አያታቸው በእኛ ጋር እንዲሄዱ ብንለምናቸውም፣ «ልጁ ብቻውን አይመጣም» ብለው ከእርሱ ጋር ተቀመጡ። ሲመለሱ ከቤታችን በላይ ባለችው ትንሽ ቍልቍለት እርሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን። ፍጥነቱ ከሚሮጥ ሰው አይበልጥም ነበር። ከመስቀለኛው መንገድ ሳይደርስ የፍሬኑ ቀይ መብራት በርቶ አየን፤ መኪናዪቱ ግን አልቆመችም። ጎማዎቹ ተይዘው ሳለ እንደ ሳንቃ እየተንሸራተተች የማቆሚያውን ምልክት አልፋ ከመንገዱ መካከል ደርሳ ቆመች። ጊዜው ገና ንጋት ስለ ነበረ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሌላ መኪና አልነበረም። የእኛይቱ በዚያው ቍልቍለት፣ በዚያው አመዳይ ላይ ከምልክቱ በፊት ቆመች። ሁለቱን መኪናዎች የለያቸው የነጂ ብልሃት አልነበረም፤ የላስቲኩ ነገር ነበር እንጂ።

አያታቸው እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገሩም። ቡና ከተፈላ በኋላ ግን ልጁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣ የተዳርሁበትን ቀሚስ ታውቀዋለህ፤ እናትህም በሠርጓ ማግስት ለብሳዋለች። እኔ ያን ቀሚስ በክረምት ጭቃ ገበያ ለብሼው ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ለእናትህ ምን ይተርፍላት ነበር? በሣጥን ማኖር መናቅ አይደለም፤ መውደድ ነው» አሉት። የእኛ ሚሊ ሜትርና ዶላር ያልፈጸመውን ይህ ቃል ፈጸመው። በማግሥቱ ቸርኬውን ለመግዛት አብረን ወጣን።

ይህን ሥራ የሚያስብ አንባቢ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቸርኬ ሁሉ ለመኪና ሁሉ አይሆንም። የእኛይቱ መኪና አምስት ቡሎን አላት፤ ቡሎኖቹ የቆሙበት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው የመሐል ቀዳዳም 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለጌጥ የሚሸጡት ቸርኬዎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ የመሐል ቀዳዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ሆኖ ይሠራል፤ ክፍተቱ የሚሞላው በቀለበት ነው። ያ ቀለበት ከጠፋ ቸርኬው በትክክል መሐሉን ስለማይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሲወልቅ ቀለበቱን ከቸርኬው ጋር ማስቀመጥ ይገባል። ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገባበት ልክም ከመኪናዪቱ ጋር መስማማት አለበት። ትንሹ ቸርኬ ደግሞ የፍሬኑን አካል እንዳይነካ ሳይገዙ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ፍሬን ባላት መኪና ላይ 16 ኢንች የማይገባበት ጊዜ አለ።

ዳዶውም እንዲሁ መልክ አለው። አንዱ ጫፉ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጣጣ ነው፤ አንዱ እንደ ኳስ የከበበ ነው፤ አንዱም ጠፍጣፋ ቀለበት አለው። ለአንዱ ቸርኬ የተሠራው ዳዶ ለሌላው ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል እንጂ አይይዝም፤ በመንገድ ላይም ሊላላ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓይነት ዳዶ በየከረጢቱ አድርጎ ስሙን መጻፍ መልካም ነው። በአሜሪካ ከ2007 እንደ ፈረንጆች መስከረም ወር ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ሁሉ የጎማ አየር ሲጐድል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያዝዛል። በብዙዎቹ መኪናዎች መሣሪያው ከቸርኬው ውስጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ለሁለተኛው ቸርኬ ሌላ ካልተገዛ የማስጠንቀቂያው መብራት የብርዱን ወራት ሁሉ ይበራል። እኛ በአንዱ 40 ዶላር፣ በአራቱ 160 ዶላር አስገባን፤ ይህ ሲደመር ወጪው የሚመለስበት ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ይረዝማል። ሒሳቡ ሙሉ ይሆን ዘንድ ይህንም መጻፍ አስፈላጊ ነው።

ሲገጠም የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ መቸኰል አይገባም። ቸርኬው የሚያርፍበት ብረት ዝገቱ በብሩሽ ይጠረጋል። ዳዶዎቹ በክብ ተራ ሳይሆን አንዱን ጠብቆ ፊት ለፊቱ ወዳለው እየተሻገሩ በኮከብ መልክ ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻው ጥብቀት መጠን በሚለካ ቍልፍ መሆን አለበት፤ ለዚህች መኪና 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያም 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል። የጎማው አየርም ይታይ፤ አየሩ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቍጥር ግፊቱ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን 7 ያህል ጐድሎ ይገኛል ማለት ነው። አራቱም እግር አንድ ዓይነት የብርድ ጎማ ይልበስ። ለቍጠባ ሲባል ከፊት ብቻ ቢገጠም መኪናዪቱ በፊቷ ይዛ በኋላዋ ትሸሻለች።

ይህን ስንል ቸርኬ መቀየር በማንም ላይ የተጣለ ግዴታ ነው ማለታችን አይደለም። የጌጥ ቸርኬው ትንሽ ከሆነ፣ ቀለሙም ያረጀና ባለቤቱ የማያዝንለት ከሆነ፣ የብርድ ጎማውን በእርሱው ላይ አስገጥሞ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳበትን ሌላ መግዛት ይቻላል። በፎቅ ቤት ተከራይቶ ለአራት ጎማ ማስቀመጫ የሌለው ሰው፣ የተራራው ምልክት ያለበትን ለዓመቱ ሙሉ የሚሆን ጎማ ገዝቶ ሳይቀያይር ቢኖር ማለፊያ ነው፤ በጽኑ በረዶ ከእውነተኛው የብርድ ጎማ ባይስተካከልም ከሙቀቱ ጎማ እጅግ ይሻላል። ብርድ በማይጸናበት ሀገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ወጪ ለሌላ ነገር ቢያውሉት ይገባቸዋል። የማይቻለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሙቀት ጎማ በጌጥ ቸርኬ ላይ አድርጎ በሚኒሶታ ጥር ሰው አሳፍሮ መውጣት ነው።

ሕጉ በየሀገሩ ይለያያል። በካናዳ በኩቤክ ግዛት ከ2008 ጀምሮ የብርድ ጎማ ግዴታ ነው፤ ጊዜውም ዛሬ እንደ ፈረንጆች ከዲሴምበር 1 ቀን እስከ ማርች 15 ቀን ነው። በጀርመን ከ2010 ጀምሮ በረዶና አመዳይ ባለበት መንገድ ያለ ብርድ ጎማ መንዳት ያስቀጣል፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህም የተራራው ምልክት የሌለበት ጎማ አይቈጠርም። በእኛ ግዛት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ሕግ የማያስገድደውን ነገር ቤተ ሰብ ለራሱ ሊደነግገው ይችላል። እኛም ደንግገነዋል፤ በጥቅምት አጋማሽ ቸርኬው ይወርዳል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት አይመለስም። ይህ ቀን ቀደመ የሚለን ቢኖር፣ ጥቅምት 20 ቀን 1984 ዓ.ም. የጀመረው፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 72 ሴንቲ ሜትር አመዳይ የከመረው ማዕበል ምስክራችን ነው። ያን ዕለት ጎሚስታ ፍለጋ የወጣ ሰው ከቤቱ በር እንኳ መራቅ ባልቻለ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለእሳት ብቻ አልተነገረም።

ዛሬ በቤታችን ይህ ሥራ የልጃችን ሆኗል። በየጥቅምቱ አራቱን የጌጥ ቸርኬዎች በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ እያለ በጠመኔ ጽፎባቸው ፀሐይና ሙቀት በማይደርስባቸው ጥግ ይደረድራቸዋል፤ አያቱ በሰጡት አሮጌ ጋቢም ይሸፍናቸዋል። ከሁለት የብርድ ወራት በኋላ ጠርዛቸው እንደ ተገዙበት ቀን ነው። በጥቁሮቹ የብረት ቸርኬዎች ግን የሚያደንቃቸው ሰው የለም፤ ዝገትም ጀምሯቸዋል። በልደት ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ፣ እኅቶቹ ከኋላ ተኝተው፣ አያቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጎኑ ተቀምጠው፣ ያችን ቍልቍለት ቀስ ብለው የሚወርዱት በእነርሱ ነው።